ባዮፕሲ (ናሙና ቆርጦ መመርመር) ሳይደረግ ቆለጥ ይወጣል እንዴ? አስቸኳይ!

ታላቅየው፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የታናሽ ወንድሜ ግራ ቆለጥ ላይ ጠጠር የመሰለ እብጠት ወጣ። አያመውም። አልትራሳውንድ ከታየ በኋላ ሐኪሙ «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፣ ከነገ ወዲያ እናወጣዋለን» አለ። ባዮፕሲ የለ፣ ምን የለ! ደግሞ የሚቀደው በብሽሽት በኩል ነው አሉ። ላስቀረው?

ብርጭቆ፦ አይዞህ፣ በአንዱ ብቻ ስንቱ ልጅ ወልዶ አሳድጓል 😄

ጋሽዬ፦ ልጆች፣ ይህ በሽታ ከወንዶች ካንሰር 1 በመቶ ገደማ ቢሆንም የሚይዘው በአብዛኛው ወጣቱን ነው። በልጅነቱ ቆለጡ ሳይወርድ የቀረ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ። ገላችሁን ስትታጠቡ ዳብሱ እያልኩ ስንት ዓመት ለፈለፍኩ...

ታላቅየው፦ ጋሼ ይቅርታ፣ አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው።

መርፌ፦ እኔ በመርፌ ናሙና ይወሰድ ባይ ነኝ። አጎቴን ፕሮስቴቱን እንደዛ ነው ያዩት።

ነርሷ፦ ፕሮስቴት ሌላ፣ ቆለጥ ሌላ። ታላቅየው፣ ሐኪሙ ልክ ነው። የቆለጥ ሊምፍ (ካንሰር ሊሰራጭበት የሚችል የሰውነት ፈሳሽ) የሚሄደው ሆድ ውስጥ ወደ ጀርባ በኩል ነው፣ የውጭው ቆዳ ሊምፍ ግን ወደ ብሽሽት። ቆዳውን ወግተህ ከገባህ ለካንሰሩ አዲስ መንገድ ከፈትክለት ማለት ነው። በብሽሽት ሲገቡ ግን መጀመሪያ ቆለጡ የተንጠለጠለበትን ገመድ ያስሩና ቆለጡን ሙሉውን ያወጣሉ፤ የሚመረመረው እሱ ራሱ ነው። እብጠቱ ትንሽና አጠራጣሪ ከሆነ፣ ወይም ሌላ ቆለጥ ከሌለው፣ እዚያው ቀዶ ጥገና ላይ ቁራጭ አስመርምሮ መወሰንም አለ። ይልቅ ልጠይቅህ፦ ለኤኤፍፒ፣ ቤታ ኤችሲጂ እና ኤልዲኤች (የቆለጥ ካንሰር ሲኖር ደም ውስጥ ሊጨምሩ የሚችሉ ነገሮች) ምርመራ ደም ተሰጥቷል?

ታላቅየው፦ ደም ሰጥቷል፣ የምኑ እንደሆነ አላውቅም።

ነርሷ፦ ዛሬውኑ ጠይቅ! ከቀዶ ጥገናው በፊት ካልተለካ በኋላ መውረዱን ከምን ጋር ታስተያያለህ? ልጅ የሚፈልግ ከሆነ ዘሩን አስቀድሞ ማስቀመጥ የሚቻልበት ቦታ ካለ ጠይቁ፣ በተለይ ኬሞ ከመጣ።

ወረቀት ሰብሳቢ፦ የፓቶሎጂውን (የወጣው ቆለጥ ምርመራ ውጤት) ወረቀት ኮፒ ያዝ። ዓይነቱ፣ መጠኑ፣ የደም ሥር ውስጥ መግባት አለመግባቱ ተጽፎ እንደሆነ እይ። ንጹሕ ሴሚኖማ (ሌላ ያልተቀላቀለበት አንድ የቆለጥ ካንሰር ዓይነት) ነው ተብሎ ኤኤፍፒ ከፍ ካለ ዝም አትበል፣ ንጹሕ ሴሚኖማ ኤኤፍፒ አያመነጭም። የሰም ብሎኩ (ናሙናው በሰም ተደርጎ የሚቀመጥበት) እንዳይጣልም ንገራቸው፤ እንደ ላይዲግ ሴል ዕጢ ያለ ብርቅ ነገር ከሆነ ሁለተኛ ፓቶሎጂስት ይየው። እኛ ብሎኩ የት እንደገባ ጠፍቶብን አሳራችንን አይተናል።

ብርጭቆ፦ ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1996 የቆለጥ ካንሰሩ ሳንባውና አንጎሉ ድረስ ደርሶበት ድኗል። ዶፒንጉን ብቻ እንዳትከተሉ።

መርፌ፦ እኔ ግን አሁንም በመርፌ ቢታይ...

ነርሷ፦ መርፌዬ፣ ከላይ አንብብ።