«ክፍተት ታይቷል» እያልን እውነቱን መናገር እንችላለን ወይ?

ባሶናው (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለ አንድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ያስተዋልሁትን ላቅርብ። አንድ አዛውንት ገበሬ ተነሥተው፣ «ማዳበሪያው የደረሰን ገብሱ ከበቀለ በኋላ ነው፤ ከመጋዘን ወጥቶ የተሸጠም አለ፤ የሸጠውም ሰው እዚሁ ተቀምጧል» አሉ። ሰብሳቢው አመስግነው ሲያበቁ እንድጽፍ ያዘዙኝ ግን «በግብዓት አቅርቦት ረገድ ክፍተት ታይቷል» የሚል ነበር። አነጋገሩ ማንንም አያስከፋም፤ ሻጩም፣ የተሸጠውም፣ የዘገየውም ጊዜ ግን ከዓረፍተ ነገሩ ወጥተዋል። ከሁሉ ያሳሰበኝ በሚቀጥለው ስብሰባ አዛውንቱ ራሳቸው «ባለፈው ያነሣሁት ክፍተት» ማለት መጀመራቸው ነው። ሰው እንዳይቀየም ተብሎ የተለሳለሰ ቋንቋ ውሎ አድሮ አስተሳሰባችንንም አያለሳልሰውም ትላላችሁ?

የአንኮበሯ፦
ወንድሜ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ መናገርን ሁሉ አብረው አይኰንኑብኝ። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ሲከለክሉ ማንንም ዋሽ አላሉም፤ «ቡዳ» የሚለው ስድብ ራሱ ሐሰት ነበርና ከአፍ ቢጠፋ ከእውነት የሚጎድል ነገር አልነበረም። (የጋብቻ ነገር ሲነሣ ግን ዛሬም ዘር የሚቆጥረው ብዙ ነው፤ አዋጅ አፍን እንጂ ልብን ቶሎ አይገዛም።)

ጠበቃው፦
ሰው ብዙውን ጊዜ «ሕጉ ያስከስሰኛል» እያለ ዝም ይላል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በጾታው ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ለጥላቻና ለጥቃት የሚዳርግ ንግግርን የሚመለከት ነው፤ ማዳበሪያ ተሸጠ ብሎ እውነቱን የተናገረ ገበሬ ከዚያ ጋር ምንም አያገናኘውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ሰጥቶታል። እንደ እኔ ግምት አንደበታችንን የሚያስረው ከሕጉ ይልቅ ነገ ለማኅተምና ለድጋፍ ደብዳቤ ከዚያው ኃላፊ ደጅ መቆማችን ነው።

መንዜው፦
እኔ ሰው የሚጠራበትን ቃልና ድርጊት የሚጠራበትን ቃል ለይቼ አያለሁ። በእኛ አካባቢ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ በዳዩን «ልጄ» እያሉ በክብር ያናግሩታል፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣው ሰው ግን «አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር» ቢላቸው አይሰሙትም። ማንን እንደ መታ፣ በምን እንደ መታ፣ የማንን ከብት እንደ ነዳ ከራሱ አፍ ይሰማል፤ ካሳውም የሚቆረጠው በዚያው ልክ ነው። የቢሮው ቋንቋ ይህን ገልብጦታል፤ የሰውየውን ክብር በአደባባይ ዘለፋ ይነካል፣ ድርጊቱን ግን ይሸፋፍናል። የ1965ና የ1966ቱን የወሎ ረሃብ መንግሥት ሸሽጎት ሲቆይ የሞተውን ሕዝብ ላስታወሰ፣ ረሃብን «የምግብ ዋስትና ችግር» ብሎ ማለፍ እንደ ትሕትና ሊቆጠር አይገባም።

ባሶናው፦
የመንዙ ወንድማችን የለዩት ጉዳዬን አቅልሎልኛል። የተባለውን እንደ ተባለ ብጽፍና ሰብሳቢው አልፈርምም ቢሉኝስ?

ጠበቃው፦
አዛውንቱ የተናገሩትን በስማቸው፣ በራሳቸው ቃል ይጻፉት፤ ስብሰባው ሳይበተን ያንብቡላቸውና ይፈርሙበት። ሰብሳቢው የሚቃወሙ ከሆነም ተቃውሟቸውን ከሥር በጽሑፍ ያስፍሩ።