«ጫነበት» ወይስ «ተጫነው»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አለቃው ከአቅሙ በላይ ሥራ ለሰጠው ሰው የትኛው ይባላል? «ሥራ በዛበት»ስ ይተካዋል?

መልስ 1፦ «ጫነበት» በል። ጫኙ ይታወቃል፦ «የሌሎቹን ሪፖርት ሁሉ እሱ ላይ ጫነበት»። ያለፈቃዱ መሆኑን የምትነግርህ «‑በት» ናት፤ ከሌለች ተራ ጭነት ነው፦ አህያውን ጫነ፣ መኪናው ላይ ሲሚንቶ ጫነ። «ተጫነው» የሚሄደው ከእንቅልፍና ከድካም ጋር ነው። «በዛበት» ማንንም አይወቅስም። ለአለቃ ማመልከቻ ስትጽፍ ግን «የሥራ ጫና አለብኝ» ይሻላል፤ «ጫኑብኝ» ካልክ ክስ ነው የሚመስለው።

መልስ 2፦ ለዕዳና ለኃላፊነት «አሸከመ»ም አለ፦ «ልጆቹን ዕዳ አሸከማቸው»። «ተጫጫነኝ» ግን ሌላ ነው፤ ጉንፋን ሊጀምር ሲል ሰውነት ሲከብድ የሚባል።

መልስ 3፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እርባታው ላይ ነው። «ሾፌሩ ከልክ በላይ ይጭናል» ትክክል ነው፤ «ይጫናል» ካልክ ሾፌሩ ራሱ ዕቃ ሆኖ መኪና ላይ ወጣ ማለት ነው። ትእዛዝ ላይም «መተግበሪያውን ጫን»፣ «ቁልፉን ተጫን» ነው። «ቁልፉን ጫን» የሚሉ መመሪያዎች ሞልተዋል፣ ስህተት ናቸው።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ማመልከቻው ላይ «ጫና» ብዬዋለሁ። አመሰግናለሁ።