ከጓሮ የተሰበሰበ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ማቆየት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በጓሮዬ የተከልኩት ቲማቲም በአንድ ጊዜ ስለደረሰ ከቤተሰቤ ፍጆታ ተርፏል። ማቀዝቀዣዬ ጠባብ በመሆኑ ቲማቲሙን ቀቅዬ በጠርሙስ ለማሸግ፣ ነጭ ሽንኩርቱንም ልጬ ዘይት ውስጥ በመንከር መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ቲማቲሙን ማሸግ ይቻላል፤ ሆኖም አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታዎች የተወሰነው የመቀቀያ ጊዜ እዚህ አይበቃም። ልጠውና ጨፍልቀው ለ5 ደቂቃ ያፈሉትን ቲማቲም በትኩሱ አፈ ሰፊ በሆነ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ይገልብጡ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ይጨምሩበት፤ ከላይ ጥቂት ክፍተት ትተው አዲስ ክዳን ከገጠሙለት በኋላ፣ ሙሉ በሙሉ በሸፈነው ውኃ ውስጥ ለ60 ደቂቃ ያፍሉት። ሎሚውን በምንም ምክንያት አይተዉት፤ የቲማቲሙ አሲድ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም።

መልስ፦ የነጭ ሽንኩርቱን ሐሳብ ግን እባክዎን ይተዉት። አየር በማይደርስበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያስከትለው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ሽታውም ሆነ ጣዕሙ ላያስጠነቅቅዎ ይችላል። ሳይልጡ፣ ግንዱን ጎንጉነው ነፋስ በሚገባበት ደረቅ ጥላ ቢሰቅሉት ለወራት ይቆያል።