ዲኤምቪ ላይ «የአካል ክፍል ለጋሽ መሆን ትፈልጊያለሽ?» ሲሉኝ ኖ አልኩ፤ እናንተስ?

የአሌክሳንድሪያዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ዲኤምቪ ሄጄ ነበር (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ማለቴ ነው፣ ዲኤምቪ የምንለውን የዋሽንግተን አካባቢ አይደለም)። ተራዬ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ቁመት፣ አድራሻ፣ መነጽር ስትል ቆየችና በዚያው ድምፅ «የአካል ክፍል ለጋሽ መሆን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ከኋላዬ ሰልፍ አለ፣ ልጄ ቀሚሴን ይጎትታል። «ኖ» ብዬ ወጣሁ።

ማታ ግን ከነከነኝ። ለምን ኖ እንዳልኩ ራሴም አላውቀውም። «ለጋሽ ከሆንሽ አደጋ ቢደርስብሽ ዶክተሮቹ አይለፉብሽም» ሲባል ሰምቻለሁ፣ እሱ ይሆናል። ደግሞ እናቴ አዲስ አበባ ናት። አንድ ነገር ብሆን ሬሳዬ የሚገባው አገር ቤት ነው፣ ታዲያ ሳጥኑ ሲከፈት እናቴ ምን ልታይ ነው? የተመዘገባችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ሲስተር መ፦

እህቴ፣ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ነው የምሠራው፣ 11 ዓመት ሆነኝ። ሲኒማ ላይ ያየሽውን እርሽው። በአምቡላንስ የመጣ ሰው ቦርሳው ተከፍቶ መንጃ ፈቃዱ ላይ የለጋሽነት የልብ ምልክት አለ የለም ተብሎ አይታይም። የሚያክመው ቡድን ሥራው ማዳን ነው። የንቅለ ተከላ ሐኪሞቹ ሌላ ሰዎች ናቸው፣ ሰውየው ሞቷል እስኪባል ድረስ በሕክምናው እጃቸውን አያስገቡም። የአንጎል ሞትም (አንጎል ላይመለስ ሥራ ሲያቆም ማለት ነው) ዝም ብሎ አይታወጅም። ብዙ ምርመራ አለው፣ ከመተንፈሻ ማሽኑ ለቀቅ አድርገን በራሱ ይተነፍስ እንደሆነ ቆመን የምናይበት ሰዓትም አለ።

ደግሞ ስለተመዘገብሽ ብቻ ትለግሻለሽ ማለት አይደለም። ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት የሚወሰደው ሆስፒታል ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ማሽን ላይ ሆኖ ከሞተ ሰው ነው። እንደዚያ የሚሞተው ከ1,000 ሰው 3 ቢሆን ነው። ተመዝጋቢ በጣም ብዙ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የዓይን ብሌን፣ ቆዳ፣ አጥንትና የልብ ቫልቭ ግን ልብ ከቆመ በኋላም፣ አንድ ቀን ገደማ ሳያልፍ ከተደረሰ ይወሰዳል። ቆዳው ለተቃጠለ ሰው ነው።

ስለ እናትሽ ያልሽው ገብቶኛል። ልክ እንደ ማንኛውም ቀዶ ሕክምና ነው፣ ተሰፍቶ ይዘጋል። ልብስ ከለበሰ በኋላ ሳጥን ቢከፈት አይታወቅም። ሬሳ አገር ቤት የሚሄደው መድኃኒት ተደርጎለት፣ የኤምባሲ ወረቀት አልቆ ስለሆነ ያም ቢሆን ቀናት ይወስዳል። የአካል ክፍሉን የማውጣቱን ወጪ ቤተሰብ አይከፍልም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ለጋሹ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገፋ ሠራተኛው ኮሪደሩ ላይ ግራና ቀኝ ይቆምለታል። ፅዳቶቹ ሳይቀሩ መወልወያቸውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርገው ይቆማሉ። የአልጋው ጎማ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ እስካሁን አልለመድኩትም።

ዝም አልልም፦

ሲስተር ሥራሽን አከብራለሁ፣ ግን ሁሉን ነገር እንዲህ ቆንጆ አድርጋችሁ አታቅርቡት። እኔ እንደተፈጠርኩ ነው መቀበር የምፈልገው። በትንሣኤ ሙታን ቀን ጎድዬ ልነሣ? ደግሞስ ኩላሊቱ መጨረሻ ላይ የሚሄደው ገንዘብ ላለው አይደል?

ሲስተር መ፦

የሃይማኖቱን ለንስሐ አባትህ ተውኩት፣ እኔ ሰባኪ አይደለሁም። የገንዘቡን ግን ልመልስ። እዚህ አሜሪካ የአካል ክፍል መሸጥና መግዛት ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወንጀል ነው። ተራው የሚወጣው በደም ዓይነት፣ በሕመሙ ክብደት፣ በጠበቁት ጊዜና በቦታው ርቀት ነው። መድን የሌለው ሰው ወረፋው ውስጥ ለመግባት ይቸገራል ብትለኝ እስማማለሁ። እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ባለ ካምሪው፦

እኔ ዝም ብዬ አንባቢ ነኝ፣ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ልጻፍ።

ኡበር ነው የምነዳው። ኩላሊቴ እምቢ ብሎኝ አራት ዓመት እጥበት ላይ ነበርኩ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ በየቀኑ አራት አራት ሰዓት። ሌሊት ተነስቼ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ ተነስቼ ወደ ኤርፖርት፣ ኪራይ አይጠብቅማ። ሰው የማያውቀው ግን ጥሙን ነው። ውሃ በልክ ነው፣ ሽንት ስለማይወጣ የጠጣኸው ሁሉ ሳንባህ ላይ ይቀመጣል። በረዶ እየመጠጥኩ ነበር የምውለው። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ አቦሏን ግማሽ ሲኒ እቀምሳለሁ፣ ቶናና በረካውን በሽታው ብቻ።

ወረፋው ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰው አለ፣ ከመቶው ከ80 በላይ የሚሆነው እንደኔ ኩላሊት ጠባቂ ነው። አንድ ሌሊት ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ አውርጄ ስመለስ ስልኬ ጮኸ። «ኩላሊት ተገኝቷል፣ ምንም ሳትበላ ና» አሉኝ። መኪናዋን ዳር አቁሜ ምን ያህል እንደቆየሁ አላስታውስም። ከኦፕራሲዮኑ ስነቃ ነርሷ ከአልጋው ሥር የተንጠለጠለውን ላስቲክ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፣ ሽንት ሞልቶታል። ይቅርታ አድርጉልኝና በሕይወቴ እንደዚያ ቢጫ ነገር ያማረኝ የለም። ባለቤቴ እልል ብላ ወለሉን ሙሉ ቀሰቀሰችው።

የሰጠኝ ወጣት ነው ብለውኛል፣ ሌላ አልነገሩኝም። ስምህን ሳትጠቅስ ልገሳውን በሚያስተባብረው ድርጅት በኩል ለቤተሰቡ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ልጇ ለሞተባት እናት «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ እንዴት ነው የሚጻፈው? በስድስተኛው ላክሁት።

ዝም አልልም፣ ወንድሜ፣ እኔም ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነኝ። እሳት የበላውም፣ ባሕር የዋጠውም፣ አፈር የሆነውም ይነሣል ብለን አይደል የምናምነው? ያን ሁሉ የሚሰበስብ አምላክ የእኔን አንድ ኩላሊት ባለቤቷ ጋ መመለስ ያቅተዋል?

ዝም አልልም፦

ጋሼ እግዜር ይማርዎት። በዚህ አልከራከርዎትም። እኔ ግን አሁንም እፈራለሁ፣ ውሸት አልናገርም።

ከጉለሌ፦

ከአዲስ አበባ ነኝ። እኛ ጋ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ኩላሊት ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ይተከላል፣ ግን ከሞተ ሰው አይደለም፣ ከዘመድ ነው። ዓይን ግን ከሞት በኋላ መለገስ ይቻላል። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የተቋቋመው። ቃል ትገባለህ፣ ስትሞት ቤተሰብ ይደውላል። ዋናው ጣጣ ሰዓቱ ነው፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ መድረስ አለባቸው። እኛ ሰፈር አንድ ቃል የገቡ አባት አርፈው ልጆቹ ትዝ ያላቸው ሠልስት ላይ ነው! ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ ለቤተሰባችሁ ንገሩ፣ ለእድሩ ዳኛም ብትነግሩ አልጠላም። የሚተከለው ከፊት ያለው ብርሃን አስተላላፊ ስስ ሽፋን ነው፣ መልክ አይበላሽም።

የአሌክሳንድሪያዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ካምሪው፣ ምን ልበልዎት፣ ቢሮ ውስጥ አስለቀሱኝ። ለካ ዲኤምቪ ድረስ መመለስም አያስፈልግም፣ ኦንላይን ተመዘገብኩ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሐሳቤን ብቀይር በፈለግኩበት ቀን መሰረዝ እችላለሁ። ካልሰረዝኩ ግን ከ18 ዓመት በላይ ስለሆንኩ እኔ ስሞት ቤተሰብ ሊሽረው አይችልም። ያኔ ከሰው አፍ ከምትሰማ ብዬ ለእማዬ ደወልኩላት።

መጀመሪያ «ሟርተኛ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ «የኔን ዓይንማ ማን ይፈልገዋል፣ ሞራ አለበት» አለችኝ።

ከጉለሌ፦

ሞራ ከኋላ ሌንሱ ላይ ነው፣ የፊተኛውን ሽፋን አይነካም። እማማን ሞራው አይከለክልም በያቸው። ፈቃደኛ ከሆኑ ቃል እንዲገቡ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ እኔ ይዣቸው እሄዳለሁ፣ ቡና ግን ያፈላሉ።