ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሄልሜት መሀል አዲስ አበባ ላይ፦ ምኑን ራሳችሁ ቁረጡ፣ ምኑን ለማን ስጡ (ጥቆማ)

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደጋገመ ይመጣልኛል። ዘመድ ከውጭ ለድራማ የሚለበስ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሄልሜት አምጥቶላቸው፣ ከካርቶኑ አውጥተው ከየት እንደሚጀምሩ ግራ የገባቸው ልጆች አሉ። እኔም አምና እዚያው ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤት ድራማ የጠፈር ወታደር እንዲሆን ተመረጠ፤ አክስታችን ደግሞ ከአሜሪካ ስትመጣ ኪቱን ይዛለት መጣች። ሁለት ነጭ ቅርፊት ነው፤ ፊትና ማጅራት። ዓይኑ አልተቀደደም፣ ዙሪያው ትርፍ ፕላስቲክ አለው፣ መመሪያ የለውም። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ፕላስቲኩን እወቁት። እንዲህ ያሉ ኪቶች ብዙዎቹ ኤቢኤስ (ABS) ከሚባለው ፕላስቲክ ነው የሚሠሩት። ስስ ሉህ በሙቀት ይለሰልስና ቅርጽ ላይ ይዘረጋል፤ ከስር አየሩ ሲመጠጥ ቅርጹን ይይዛል። ሉሁ ስለሚለጠጥ ውፍረቱ እኩል አይሆንም። የእኛው ግንባሩ ላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ነበር፤ አገጩ ጋ ግን ሳስቶ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ኤቢኤስ መሆኑን ለማየት ከሚጣለው ትርፍ ላይ አንድ ጠብታ አሴቶን አድርጉበት። ከለሰለሰና ጣት ላይ ከተጣበቀ ኤቢኤስ ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው። ምንም ካልሆነ ሌላ ዓይነት ነው፤ ከታች ስለ ማጣበቅ የምጽፈው አይሠራላችሁም።

መቁረጡ

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። መቁረጡን ለማንም አትስጡ። እኔ «ባለሙያ ይሻላል» ብዬ አንድ ብረታ ብረት ቤት ወስጄ ነበር። ስሙን አልጠቅስም። ልጁ በግራይንደር የግራውን ዓይን ሊከፍት ሞከረ። ዲስኩ ሲነካው ፕላስቲኩ አልተቆረጠም፣ ቀለጠ። የዓይኑ ጥግ ተጨማዶ እንደ ማስቲካ ተጎተተ፣ ሽታው ልብስ ላይ ቀረ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የለመደው ብረት ነው። ትንሿን የእጅ ድሪል የያዘ ሰውም ቢሆን ፍጥነቷን ካልቀነሰ ያው ነው፤ ፍትጊያው ያሞቀዋል፣ የተቆረጠውም መልሶ ይጣበቃል።

የሚያስፈልጋችሁ ከተር ነው። ማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለ። ዋናው ትርፍ ምላጭ መግዛት ነው፤ ደነዝ ምላጭ ይንሸራተትና እጅ ይቆርጣል። መስመሩን በእርሳስ አስምሩ። ከመስመሩ 3 ሚሊሜትር ወደሚጣለው በኩል ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ምላጩን በፕላስተሩ ጠርዝ ይዛችሁ ሳትጫኑ ጎትቱ። የመጀመሪያው ጊዜ ጭረት ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ ቀጭን ነጭ ክር እየተጠቀለለ ይወጣል። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ላይ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ እጠፉት፤ ጭረቱ ነጣ ይልና «ጠቅ» ብሎ ይለያያል። ያን ድምፅ አንዴ ከሰማችሁ በኋላ ትዕግስቱ ራሱ ይመጣል።

ዓይኑ ግን አይታጠፍም። እዚያ መጀመሪያ አራቱን ጥግ በ3 ሚሊሜትር ፑንታ (የድሪል መብሻ) ብሱ፣ ከዚያ ቀዳዳ ከቀዳዳ በከተር አገናኙ። ክብ ቀዳዳ ስንጥቅን ያቆማል። ሹል ጥግ ከተዋችሁ ግን ሄልሜቱ አንዴ ሲወድቅ ከዚያው ጀምሮ ይሰነጠቃል። የቀረችውን 3 ሚሊሜትር በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱ። ሞረድ መርካቶም ተክለሃይማኖትም ሞልቷል፤ ግማሽ ክቡን ውሰዱ። አንዱ ጎኑ ለቀጥታው፣ ሌላው ለዓይኑ ክብ ይሆናል።

ቁራጩን አትጣሉት

ይሄ ከሁሉ የበለጠ የምወደው ጥቆማ ነው፤ የቀለጠውን ዓይን ያዳነልኝም እሱ ነው። የቆረጣችሁትን ትርፍ እንደ ሩዝ አድቅቃችሁ ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጨምሩ። እስኪሸፍነው አሴቶን አፍስሱበትና ክደኑት። በማግስቱ እንደ ማር ወፍሮ ታገኙታላችሁ። ይሄ ማጣበቂያም ስቱኮም (ጉድለት መሙያ) ነው፤ ራሱ ፕላስቲኩ ስለሆነ ሲደርቅ ከቅርፊቱ ጋር አንድ አካል ይሆናል። በክብሪት እንጨት በስሱ ቀቡ፣ ቢያንስ አንድ ቀን አቆዩት፣ ከዚያ ሞርዱት። በአንዴ ብዙ ከደረባችሁ ግን ቅርፊቱን ራሱን ያለሰልሰዋል። የእኛ የግራ ዓይን በአራት ቀን፣ በአራት ስስ ድርብ ተሠርቶ አሁን የትኛው እንደነበር አይለይም።

አሴቶኑን የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። ጠርሙሱን አንብቡ፤ «አሴቶን የሌለው» የሚለው አይሠራም። ዘይትና ሽቶ የተጨመረበትም አይመረጥም። በቶሎ የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ቡና እየተፈላ ከሰል ባለበት ቤት አትንኩት።

የመኪና ስቱኮስ? ለትልቅ ጉድለት ይሆናል፤ በርካሽ ይገኛል፣ ቶሎ ይደርቃል። ግን ስስ ፕላስቲክ ሲተጣጠፍ እሱ አብሮ አይታጠፍም፣ ይላጣል። መገጣጠሚያው ላይ አልመክረውም። መገጣጠሚያውን ከውስጥ 2 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው የራሱ ቁራጭ ደግፉት፤ ሱፐር ግሉ ብቻውን ቶሎ ይይዛል፣ ሲወድቅ ግን ይለቃል።

ቁራጭ ካለቀባችሁ ምናለሽ ተራ ውረዱ። ከተበላሸ የኮምፒውተር ስክሪን ሽፋን ጀርባ ላይ የፕላስቲኩ ስም ተቀርጾ ይገኛል፤ ኤቢኤስ የሚለውን ምረጡ። ለመቁረጥ ልምምድም ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን ዓይን ከመንካቴ በፊት እሱ ላይ ነው የተለማመድኩት።

ስለ ሙቅ ውኃ

የጠመመ ጠርዝ በፈላ ውኃ ይቃናል የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም። ቆይቶ ነው ምክንያቱ የገባኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ነው፣ ውኃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ኤቢኤስ ደግሞ የሚለሰልሰው 105 ገደማ ነው። ባሕር ዳርቻ ላሉት እንኳ ጥቂት ይጎድላቸዋል፣ ለእኛማ ብዙ። የሙቅ አየር መሣሪያ ያለው የሞባይል ጠጋኝ ብትለምኑ ይሻላል፤ እሱም ራቅ አድርጎ፣ በትንሽ በትንሹ።

ለዓይኑ መስታወት

ሜክሲኮ አካባቢ ማስታወቂያ ሰሪዎች ጋ ሄጄ ነበር። ፕሌክሲ የሚባለውን መስታወት መሰል ፕላስቲክ በሌዘር ጥንቅቅ አድርገው ይቆርጣሉ። ግን ወፍራምና ጠፍጣፋ ነው፤ የፊቱን ክብ አይከተልም። ቅርፊቱን ራሱን በሌዘር እንዲቆርጡላችሁም አትጠይቁ፤ ኤቢኤስ በሌዘር ሲቃጠል መርዛማ ጭስ አለው። ርካሹና የተሻለው ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ያለው የጥረዛ ሽፋን ነው፤ ያ ብርሃን የሚያሳልፈው ፕላስቲክ። በመቀስ ይቆረጣል፣ እንደልብ ይታጠፋል። ከውጭ ጠቆር እንዲል የመኪና መስታወት የሚያጠቁሩ ልጆችን ቁራጭ ፊልም ለምኑ። የብየዳ መስታወት ግን እንዳታስቡት፤ ልጁ ደረጃ አይታየውም።

ቀለሙ

እዚህ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን እላለሁ፤ ቀለሙን ለባለሙያ ስጡ። በስፕሬይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀብቼው ነበር። ጊዜው ሐምሌ ነው፣ እርጥበቱ ቀለሙን አደበዘዘው፣ አቧራም ያዘ። በኋላ ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና ቀለም ከሚቀቡ አንድ ትልቅ ሰው ጋ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ ይሄን ይቀቡልኛል?» አልኳቸው።

ገልበጥ አድርገው ውስጡን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። «ልጄ፣ ይሄ ቲነር አይወድም። በአንዴ ካረጠብኩት ይበላዋል። በስሱ ነው፣ ሦስት ጊዜ። ነገ ና» አሉኝ።

እንዲህ የሚል ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት። ፓራውልት (የመኪና የፊትና የኋላ መከላከያ) የሚቀባ ሰው የፕላስቲክ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን፣ ያውቃል። «አሁኑኑ ጠብቅ፣ በአንድ ሰዓት ይወጣል» የሚላችሁን እለፉት። ሄልሜቱን አዘጋጅታችሁ ውሰዱ፤ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በ220፣ ከዚያ በ400 በውኃ ፈትጉት። ያንን እነሱ ከሠሩት ሌላ ያስከፍላሉ፣ በማሽን ስለሚሆንም ስሱን ቦታ ይበሱታል። ዋጋ ያልጻፍኩት ወር ሳይሞላው ስለሚቀየር ነው። ከመተዋችሁ በፊት ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ የሚቀባው የሚያብረቀርቀው) በዋጋው ውስጥ መሆኑን ጠይቁ።

ለውስጡ የፍራሽ ስፖንጅ ይበቃል። ጫማ ሰሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ይይዘዋል፤ ስፖንጁ ላይ ብቻ ቀቡት፣ ለ15 ደቂቃ አናፍሱት፣ ከዚያ ለጥፉ። እርጥቡን ከለጠፋችሁ ፕላስቲኩን ይበላል።

አንድ ነገር ለአዲሶቹ፦ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ትናንሽ ሱቆች ተነስተዋል። የድሮ ጥቆማ አንብባችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ዓይኑ በትንፋሽ ይደበዝዛል ወይ ብላ ለጠየቀችኝ እህት፦ አዎ፣ ይደበዝዛል። አገጩ ስር፣ ከውጭ በማይታይበት ቦታ፣ በ5 ሚሊሜትር ፑንታ ስድስት ቀዳዳ በሳሁለት፤ ድራማውን እስከ መጨረሻው እያየ ተጫወተ። መሀል ከተማ ላይ ወፍራም ያልሆነ፣ ክብ ሆኖ የሚታጠፍ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥቁር ፕላስቲክ የሚሸጥበት የሚያውቅ ካለ ግን እኔም ፈላጊ ነኝ፤ ታናሹ ደግሞ ዘንድሮ የራሱን ጠይቋል።