ክርክር፦ የኮንዶሚኒየሙ ጣሪያና ፍሳሽ በማን ኪስ ይታደስ?

መነሻ፦ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለቆዩት የ20/80 ብሎኮች (ገዢው 20 በመቶ ቆጥቦ 80 በመቶውን በባንክ ብድር የሚከፍልባቸው) የእድሳት ብድር ወለድ ይክፈል? ወይስ ባለቤቶቹ ራሳቸው ይቻሉት? ተከራካሪዎቹ በቅጽል ስማቸው ቧንቧ፣ ታዛቢና ሒሳብ ያዥ ናቸው።

ቧንቧ፦ ከገንዘቡ በፊት ብልሽቱን እንይ። የፍሳሽ መስመሩ ቁልቁል የሚወርድ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ነው። የወጥ ቤት ቅባት ታች ክርኑ ላይ ይረጋል፣ ማንሆሉ ሳይጠረግ ይከርማል፤ አንድ ቀን የአራተኛ ፎቁ ውሃ ሲለቅ በምድር ቤቱ መጸዳጃ ይገነፍላል። ጣሪያው ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ የቆርቆሮው ሚስማር ጎሚኒ ይደርቃል፣ አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል፣ የሚንጠባጠበው አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ለጣሪያው ምድር ቤት፣ ለፍሳሹ አራተኛ ፎቅ «እኔን ምን አገባኝ» ይላል። የኮንዶሚኒየም አዋጅ 370/1995 የጋራውን ንብረት ማስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማህበር ሰጥቶ መዋጮ አስቀምጧል። የማህበሩ ኮሚቴ ግን ለጥበቃና ለጽዳት የሰበሰበው እንኳ በወሩ ያልቅበታል።

ታዛቢ፦ ይሄ የባለቤቶች ጣጣ ነው። በ1997 እና በ2005 ተመዝግቦ እስከ ዛሬ ዕጣ የሚጠብቅ ሰው እያለ፣ ዕጣ ለደረሰው ሁለተኛ ድጎማ? የቀበሌ ቤት ጣሪያ ማን አደሰ?

ሒሳብ ያዥ፦ ታዛቢ፣ ቁጥር ይዘን እንነጋገር። ለምሳሌ 30 ቤት ያለው ብሎክ ይሁንና ጣሪያና ፍሳሹ 1.2 ሚሊዮን ብር ይፍጅ። ለቀላልነት እኩል ከተካፈለ ለአንድ ቤት 40,000 ነው። በ15 በመቶ ወለድ በ5 ዓመት የሚከፈል ከሆነ በወር 952 ብር ገደማ፤ ያለ ወለድ 667። ልዩነቱን ከተማው ቢሸፍን ለብሎኩ በ5 ዓመት 513,000 ብር አካባቢ ያወጣል፤ ዋናውን ገንዘብ ግን ነዋሪው ይመልሳል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ማህበሩ ለባንክ ምን ያስይዛል? ደረጃውንና ጣሪያውን ማንም ለሐራጅ አያወጣውም። የነዋሪው ቤት ደግሞ የመጀመሪያው ዕዳ ካላለቀ እዚያው ባንክ መያዣ ነው። ያለው አማራጭ የቀረውን ዕዳ ከእድሳቱ ጋር ደርቦ ጊዜውን ማራዘም ነው። ዕዳውን ለጨረሰው ይህ አይሠራም፤ ለእሱ የከተማው ዋስትና ያስፈልጋል።

ቧንቧ፦ ዋስትናውም ቢሆን በቅድመ ሁኔታ ነው። ብሩ ለኮሚቴ በእጅ አይሰጥ፤ መሃንዲስ ለክቶ በፈረመው ሥራ ልክ ለተቋራጩ ይከፈል፤ የመጨረሻው ክፍያ ክረምት እስኪያልፍ ይያዝ። ጣሪያ በበጋ ተረክቦ ሐምሌ ላይ ማልቀስ የተለመደ ነው። ሮቶዎቹም (ነዋሪው ያስቀመጣቸው የውሃ ታንከሮች) ከሥራው በፊት ይቆጠሩ። ባለ 1000 ሊትሩ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፤ አምስት ቤት አንድ ጥግ ላይ ከደረደረ ማንም ያላሰላው 5 ቶን ተጫነ ማለት ነው። የጋራ ታንከርና ፓምፕ ሳይስተካከል ግን «አንሱ» ማለት ሰዉን ውሃ መከልከል ነው።

ታዛቢ፦ እሺ፣ ዋናውን የሚመልሱ ከሆነ ተቃውሞዬ ይቀንሳል። ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ለሚኖረው ግን የወለድ ድጎማ አይገባውም። ሙሉውን ይክፈል። የምድር ቤት ሱቆችም እንዲሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ ሱቆቹ ላይ እስማማለሁ። አከራዩን በምን ትለየዋለህ?

ታዛቢ፦ በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 የኪራይ ውል ይመዘገባል። መዝገቡ ይታይ።

ሒሳብ ያዥ፦ ያስመዘገበውን ታገኘዋለህ። ያላስመዘገበው «እኔ ነኝ የምኖርበት» ብሎ ይፈርማል፤ ሕግ ያከበረውን ብቻ ልንቀጣ ነው።

ቧንቧ፦ የመብራት ቆጣሪ ስም አይረዳም፣ ብዙው በባለቤቱ እንደቀረ ነው። ኮሚቴው ግን ማን እንደሚኖር ያውቃል። አይናገርም እንጂ፤ ሊቀመንበሩም አከራይ ሊሆን ይችላላ።