አስቸኳይ፦ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ፖሊስ ቆሟል፣ እማዬ ከመኪና አልወርድም ብላለች

የእማዬ ልጅ (5:38)
እባካችሁ ቶሎ የሚመልስልኝ። ፓርኪንግ ውስጥ ነን። ምርጫው ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። መግቢያው ጋ የፖሊስ መኪና ሰማያዊ መብራቱን እያብለጨለጨ ቆሟል። ፖሊሱ ሽጉጡን ታጥቆ መኪናውን ተደግፏል። እማዬ እሱን ካየች ጀምሮ የበሩን እጀታ ይዛ ቁጭ ብላለች። ዜግነት ያገኘችው ዘንድሮ ነው፣ እዚህ አሜሪካ ስትመርጥ የመጀመሪያዋ ነው። ቀሚሷን ተኩሳ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከሥራ እስክመጣ ስትጠብቀኝ ነው የዋለችው። አሁን «ፖሊስ ቆሞ እያየኝ አልመርጥም፣ መልሺኝ» ትላለች። ለመሆኑ እዚያ መቆም ይፈቀድለታል? በ7 ሰዓት ይዘጋል።

ቀበና ነኝ (5:40)
እዚህ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 ሆኗል። አልፎሻል እህቴ 😂

ፊላ ታክሲ (5:41)
ሕገወጥ ነው! እኛ ፔንሲልቬንያ ፖሊስ ካልተጠራ ወይም ራሱ ሊመርጥ ካልመጣ ከምርጫ ቦታው 100 ጫማ መራቅ አለበት። 30 ሜትር በዪው። ቪዲዮ ቅረጪው።

ብሮንክስ (5:43)
ኧረ ቀስ! ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ደግሞ በየምርጫ ጣቢያው ፖሊስ ይመደባል። ዛሬ ጠዋት እኛ ሰፈር ጂም ውስጥ የቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ወንበር ስቦ ሲያዛጋ ነው ያገኘሁት። እኔማ ከሌለ ነው የሚያስፈራኝ። አትቅረጪው፣ የማይሆን ነገር ታመጪያለሽ። ስቴትሽ የት ነው ግን? ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል እኮ።

የእማዬ ልጅ (5:44)
ቨርጂኒያ። የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። አድራሻችን አሌክሳንድሪያ ይላል፣ ካውንቲው ግን ፌርፋክስ ነው።

አባ ነገሩ (5:49)
እህቴ፣ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሕግ የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃበት ከ1865 ጀምሮ የፌዴራል ወታደርና የታጠቀ ኃይል ወደ ምርጫ ቦታ መላክን ይከለክላል። ትእዛዙን የሰጠ ባለሥልጣን እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ይህ ሕግ ግን የሚመለከተው የፌዴራሉን መንግሥት ነው፣ የካውንቲ ፖሊስን አይነካም። ስለዚህ የታጠቀ ሰው የሚለውን ቃል በሁለት ከፍለን ስናየው

አባ ነገሩ (5:50)
ይቅርታ፣ ሳልጨርስ ተላከ። በሁለት ከፍለን ስናየው፣ አንደኛ

ብሮንክስ (5:50)
ጋሼ፣ ሴትዮዋ መኪና ውስጥ ናቸው 🙏

ዝም አይነቅዝም (5:52)
እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። እናትሽ ካልፈለጉ ለምን ታስጨንቂያቸዋለሽ? አለመምረጥም መብት ነው። ወደ ቤታቸው መልሻቸው።

የእማዬ ልጅ (5:55)
አለመፈለግ ሌላ፣ መፍራት ሌላ። በ97 አዲስ አበባ ነበረች። ግንቦት ላይ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከሌሊት ጀምራ ተሰልፋ መርጣለች። በሰኔና በ98 ጥቅምት የሆነውን ታውቃለህ። የጎረቤታችን ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም። እሷ የትምህርት ቤት በርና ፖሊስን አንድ ላይ ስታይ የሚታያት ያ ነው። ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ታየዋለች፣ መልሳ ትከታለች። አሁን ሦስተኛዋ ነው።

ዝም አይነቅዝም (5:57)
እሺ፣ ገባኝ። አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰው መገደሉን ያረጋገጠው በዚያ ከምርጫው በኋላ በተነሳው ግጭት ነው። ይቅርታ።

የሁለት ልጆች እናት (5:58)
እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ልናገር። ፖሊሱ ለመራጩ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ የቆመ ሊሆን ይችላል። ቴክሳስ ውስጥ ዩቫልዴ በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት በ2022 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ከተገደሉ ወዲህ ወላጅ ሁሉ በር በር ነው የሚያየው። ዓመቱን ሙሉ በደወል የሚከፈት በር በምርጫ ቀን ብቻ ለማንም ወለል ሲል ይጨንቃል። ኒው ጀርሲን እዩ። በ2022 ፖሊስ ከምርጫ ቦታ 100 ጫማ ይራቅ የሚል ሕግ አወጡ። ትምህርት ቤቶች ሲጨነቁ ደግሞ ዩኒፎርም የሌለው ፖሊስ መጠየቅ እንዲችሉ ፈቀዱ።

ፊላ ታክሲ (6:00)
ዛሬ ልጆች የሉም እኮ! ቨርጂኒያ የምርጫ ቀንን በ2020 የስቴት በዓል አድርጋዋለች፣ የፌርፋክስም ልጆች ዛሬ ቤታቸው ናቸው። ባዶ ክፍል ነው የሚጠብቀው?

ቀበና ነኝ (6:01)
ጠመኔውን 😂

አስፈጻሚ ነበርኩ (6:03)
ሰላም። እዚያው ካውንቲ በምርጫ አስፈጻሚነት ሠርቻለሁ። ዘግይቼ ነው ያየሁት።
ፖሊሱ ማን ይመርጣል ማን አይመርጥም በሚለው ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። መታወቂያ አያይም፣ ስም ዝርዝሩንም አይነካም። ውስጥ ያለውን ጉዳይ የሚመራው የአስፈጻሚዎቹ ኃላፊ ነው፣ ሥርዓት የማስከበሩም ሥልጣን የእሱ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ተራ ሰው ከምርጫ ጣቢያው 40 ጫማ ድረስ ሽጉጥ ይዞ መምጣት አይችልም። ሥራ ላይ ያለ ፖሊስ ግን ይችላል። ስለዚህ መቆሙ ብቻውን ሕገወጥ አይደለም።
ማዘር ስንት ዓመታቸው ነው? 65 ከሞላቸው ከመኪናቸው ሳይወርዱ መምረጥ ይችላሉ። ከርብሳይድ ይሉታል። አንቺ ግቢና ለኃላፊው ንገሪ። ወረቀቱን እነሱ ይዘው ወደ መኪናው ይመጣሉ።

ብሮንክስ (6:04)
ይኸው! ይህን ያህል ሰዓት ስለ 1865 ስናወራ።

ቡና ቁርስ (6:06)
ከርብሳይድ ለአካል ጉዳተኛ ብቻ ነው፣ አታሳስቷት።

አስፈጻሚ ነበርኩ (6:07)
ወይ አካል ጉዳተኛ መሆን፣ ወይ 65 መሙላት። አንዱ ይበቃል። እኔ ራሴ በዝናብ ወረቀት ይዤ ስወጣ ነው የዋልኩት። ያጠቆሩትን ወረቀት መሸፈኛ ውስጥ ከተን መቁጠሪያው ማሽን ጋ የምንወስደው እኛ አስፈጻሚዎቹ ነን።

የእማዬ ልጅ (6:09)
71 ነች!! የዜግነት ወረቀቷን ቤት ረሳነው ግን። እንግሊዝኛም ብዙ አታነብም።

አስፈጻሚ ነበርኩ (6:11)
የዜግነት ወረቀት ማንም አይጠይቃቸውም። መንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ ካላቸው ይበቃል። እሱም ባይኖር ማንነታቸውን የሚያረጋግጥ ቅጽ ላይ ይፈርማሉ። ማንበብ ለሚቸገር ሰው መራጩ ራሱ የመረጠው ሰው ይረዳዋል፣ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ እስካልሆነ ድረስ። አንቺ ልትረጂያቸው ትችያለሽ፣ ሁለታችሁም ትንሽ ቅጽ ትፈርማላችሁ። የምታነቢላቸውን አንብቢላቸው፣ የሚመርጡትን ግን እሳቸው ይንገሩሽ 🙂 በ7 ሰዓት ሰልፍ ላይ የደረሰ ሁሉ ይመርጣል፣ ግን አሁኑኑ ግቢ።

አባ ነገሩ (6:13)
ሁለተኛውን ነጥብ ልቀጥል። የወታደር ምርጫ ቦታ መገኘት በታሪክ

የሁለት ልጆች እናት (6:14)
ጋሼ 🙏

ቡና ቁርስ (6:15)
እዚያው ሳለሽ ፖሊሱን ለምን እንደቆመ ብትጠይቂውስ? በሰላም ከጠየቅሽው ይነግርሻል።

የእማዬ ልጅ (6:26)
ገብቼ መጣሁ። ኃላፊዋ ደግ ሴትዮ ነች፣ «ስንት ዓመታቸው ነው?» አለች፣ ነገርኳት፣ አንዱን ልጅ ወረቀት ይዞ እንዲወጣ አዘዘችው። ስለ ፖሊሱም ጠየቅኳት። ሁለት መኪና ፓርኪንጉ መታጠፊያ ላይ ተጋጭተው ነው ለካ የመጣው! ጨለማ ስለሆነ መብራቱን ያበራው ሰው እንዲያየው ነው። አንደኛው መኪና መከላከያው ረግፎ አሁንም እዚያው ቆሟል፣ ከተቀመጥንበት አይታይም ነበር።
ለእማዬ ነገርኳት። «እንደዚያ ነው የሚሉት» አለችኝ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ እየመጣ ነው። መስኮቱን የከፈተችው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው። በዚህ ይገባል ወይ ትላለች።

ብሮንክስ (6:27)
😂😂 ማዘርን እወዳቸዋለሁ። ይገባል በያት፣ ይታጠፋል።

አስፈጻሚ ነበርኩ (6:28)
ኧረ እንዳይታጠፍ! ማሽኑ ይመልሰዋል። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ያድርጉት።

ፊላ ታክሲ (6:41)
ታዲያስ? መረጡ?

የሁለት ልጆች እናት (7:05)
ተዘጋ እኮ። እህት ምን ሆናችሁ?

ቀበና ነኝ (በማግስቱ)
ማዘር መረጡ ወይስ መስኮቱ ላይ ቀሩ? እንቅልፍ ነስታችሁኝ አደራችሁ።

አዲስ አባል (ከ3 ቀን በኋላ)
እህቴ፣ መልሱን ሁሉ አላነበብኩትም። ግን እናትሽ 65 ከሞላቸው ከመኪና ሳይወርዱ መምረጥ ይችላሉ፣ ጠይቂ።